የወጌሻው ቦርሳ፦ ከቢሾፍቱ እስከ ባቱ

ቢሾፍቱ፣ ረፋድ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በአሮጌው መንገድ ነው። በፈጣኑ መንገድ ብመጣ ኖሮ ይህን ጊዜ አዳማ ገብቼ ምሳ አዝዤ ነበር፤ ቢሾፍቱን ግን በሩቁ ባለፍኳት። ልጽፈው ያሰብኩት ነገር ደግሞ የሚጀምረው ከዚህች ከተማ ነው፤ ከአንድ ሯጭ ትርፍ አንጀት።

አበበ ቢቂላ ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ፣ ያኔ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በዚህች ከተማ ልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን አመመው። ሆስፒታል ሲደርስ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ በሳምንቱ ከሆስፒታል ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከዚያ በፊት ማንም በዚያ ፍጥነት ሮጦ አያውቅም። ሁለተኛው ሯጭ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ እስከዚያ ሜዳው መሐል ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

ሐይቁን ቁልቁል ከሚያሳይ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ከቢላዋው እስከ ወርቁ 35 ቀን። ልጅ ሆኜ ይህን ታሪክ ስሰማ የሚደንቀኝ የአበበ ጽናት ነበር። ዛሬም ይደንቀኛል። ግን አሁን ከጎኑ ሌላ ሰው ይታየኛል፤ ስሙን ማንም የማያነሣው፣ እጁን በደንብ የታጠበው፣ ቁስሉን ንጹሕ አድርጎ የሰፋው የኦፕራሲዮን ክፍል ሰው። ያ ቁስል ቢመረቅዝ ኖሮ የቶኪዮ ታሪክ ባልኖረ ነበር።

ለጉዞው ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ሰሞኑን በሮቦት ስለሚደረግ ቀዶ ሕክምና የተጻፉ ጥናቶችን ሳነብ ነበር የከረምኩት። ሐኪሙ ከታካሚው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ስክሪን እያየ በጣቶቹ ያዛል፤ የብረት ክንዶቹ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒውዮርክ የተቀመጡ ሐኪሞች ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ የተኛችን ሴት ሐሞት ከረጢት በዚህ መንገድ አውጥተዋል። ይህን እያነበብኩ በሯጮቹ አገር፣ በዚህ በስምጥ ሸለቆ መንገድ፣ አንድ ልጅ ሜዳ ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚጠብቀው ማየት ፈለግሁ።

አዳማ፣ ከሰዓት

ሞጆን በከባድ መኪኖች መሐል አለፍናት። አዳማ ስገባ ነፋሱ እንደ ልማዱ አቧራውን አንሥቶ ተቀበለኝ።

ሜዳው የሰፈር ሜዳ ነው። ሣሩ ዳር ዳሩን ብቻ ቀርቷል፤ መሐሉ ቀይ አፈር ነው። ሁለት የሰፈር ቡድኖች ይጫወታሉ፤ ግራና ቀኝ ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጮኻሉ። እኔ የመጣሁት ግን ወጌሻውን ፍለጋ ነው። ወጌሻ ማለት በገጠር የተሰበረ አጥንት የሚጠግን ሰው ነው፤ በእኛ እግር ኳስ ደግሞ ቦርሳውን አንግቦ ወደ ወደቀው ተጫዋች የሚሮጠውን ሰው እንጠራበታለን። ዘመናዊ ክለቦች ፊዚዮቴራፒስት ሲሉት ተመልካቹ አሁንም “ወጌሻ! ወጌሻ!” ብሎ ይጣራል። ስሙን እወደዋለሁ። እምነት ያለበት ስም ነው።

ወጌሻው ጋሼ ስድሳዎቹን የያዙ ሰው ናቸው። ቦርሳቸውን እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው አላቅማሙም፤ መሬት ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ አወጡልኝ። ሁለት ጥቅል ፋሻ። ፕላስተር። ጫፉ የዶለዶመ መቀስ። የማሻሻ ቅባት። ሊያልቅ የደረሰ የሚረጭ ማቀዝቀዣ። ሁለት ኮዳ ውኃ። በፌስታል የተጠቀለለ በረዶ ነበር፤ ቀልጦ ፌስታሉን ውኃ አድርጎታል።

“ቁርጭምጭሚት ለዞረበት፣ ጡንቻ ለያዘው ይኼ ይበቃኛል” አሉኝ።

“ማንም ሳይነካው ድንገት ዘጭ ብሎ የወደቀስ፣ ጋሼ?”

“ምላሱን ነዋ ልጄ! ምላሱን ካልያዝክለት ይውጠዋል።” የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት አሳዩኝ። አንጓው ላይ ያረጀ ጠባሳ አለ። “አንዱ ነክሶኝ ነው። ጥርሱን አላላቅቅ ብሎ።”

ያን ጠባሳ ብዙ አየሁት። የጣታቸው ሥጋ እስኪቆረጥ ድረስ ሰው ለማዳን የታገሉ ሰው ናቸው። የሚያሳዝነው ግን ትግሉ ቦታውን መሳቱ ነው። ሰው ምላሱን አይውጥም። ሮጦ ሮጦ ያለ ንክኪ የወደቀ፣ ተጠርቶ የማይሰማ፣ እንደ ሌላው ሰው የማይተነፍስ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የቆመበት ልቡ ነው። ልብ ሲቆም መንጋጋ ሊገጥም ይችላል፤ አልፎ አልፎም ማቃሰት የመሰለ ትንፋሽ ይወጣል። ይህን የሚያይ ሰው ታፍኗል ብሎ ወደ አፉ ይሮጣል። በዚያች መሐል አንጎል ያለ ደም ይቆያል። እያንዳንዱ ያለ እርዳታ የሚያልፍ ደቂቃ የመትረፍ ዕድልን ከመቶ ከ7 እስከ 10 ይቀንሰዋል። አሥር ደቂቃ ምላስ ሲፈለግ ካለቀ የቀረው ነገር ጥቂት ነው።

የካሜሩኑን ማርክ ቪቪየን ፎዬን እዚያው አነሣን። ጋሼም ያስታውሱታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊዮን ላይ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ ሜዳው መሐል ብቻውን ወደቀ፤ አልተነሣም፤ 28 ዓመቱ ነበር። ከ18 ዓመት በኋላ ኮፐንሃገን ላይ የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን እንዲሁ ወደቀ። ደረቱን ወዲያው ተጫኑት፤ ልቡን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልሰውን መሣሪያ፣ ዲፊብሪሌተሩን፣ እዚያው ሣሩ ላይ ተጠቀሙበት። ኤሪክሰን ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ኳስ ተጫወተ።

“የሊግ ጨዋታ ሲሆን እዚያ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ አምቡላንስ ይቆማል” አሉ ጋሼ። “እዚህ ግን ባጃጅ ነው።”

በእረፍት ሰዓት የማሊያ ቦርሳውን ልብስ ጠቅጥቀን ሞላነውና መሬት ላይ አስተኛነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስጄ ስለነበር የማውቀውን አሳየኋቸው። አንዱን መዳፍ በአንዱ ላይ፣ ከደረት መሐል፣ ክርን ሳይታጠፍ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ጋሼ ተንበረከኩ። ልጆቹ ከበቡንና እየጮኹ ይቆጥሩላቸው ጀመር። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ግንባራቸው በላብ ወርዝቶ ቀና አሉ።

“ይኼማ ቁፋሮ ነው” አሉ። “አንድ ሰው አይችለውም።”

ልክ ናቸው። ለዚህም ነው በየሁለት ደቂቃው ሰው መቀያየር ያለበት። አንዱ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ “እኔ ልቀይርዎት” ብሎ ተንበረከከ። ከዚህ ጉዞ ሁሉ ዓይኔ ላይ የቀረው ምስል ይህ ነው።

ይህ የሜዳ ዳር ነገር ተጠንቶ የታወቀ ነው። አሜሪካኖች የማራቶንና የግማሽ ማራቶን ሯጮቻቸውን ለዓመታት መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 ድረስ ከ10.9 ሚሊዮን ሯጮች 59ኙ ልባቸው ቆሟል፤ ከነሱ 42ቱ ሞተዋል፤ ከመቶ 71 ማለት ነው። ቀጥሎ እስከ 2023 ድረስ ከ29 ሚሊዮን የሚበልጡ ሯጮች ተቆጠሩ። ልባቸው የቆመው 176 ሲሆኑ የሞቱት ከመቶ 34 ብቻ ሆኑ። ልብ የሚቆምበት መጠን አልተለወጠም፤ ሞቱ ግን በግማሽ ወረደ። አጥኚዎቹ ለውጡን የሚያያይዙት በመንገዱ ዳር ደረት መጫን የሚያውቅ ሰውና ዲፊብሪሌተር ከመብዛታቸው ጋር ነው።

አዳማ፣ ማታ

ያነጋገርኩት ቀዶ ሐኪም ስሙ እንዳይጻፍ ጠይቋል። ገና ወጣት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ድካም ፊቱ ላይ ይታያል። ስለ ሮቦቱ ሳነሣለት ዓይኑ በራ። ሐኪም ሆኖ አዲስ መሣሪያ የማይናፍቅ የለም።

“አንድ ነገር ግን አስተውል” አለኝ። “እንግሊዞቹ መሣሪያውን ገዝተው ዝም አላሉም። በካንሰር ምክንያት የሽንት ፊኛ የሚወጣላቸውን 338 ታካሚዎች ለሁለት ከፍለው ለኩ። ግማሹ በሮቦት፣ ግማሹ ሆድ ተከፍቶ። ምን የለኩ ይመስልሃል?”

መልሱን አውቀው ነበር፤ ግን እሱ እንዲናገረው ተውኩት።

“ከዘጠና ቀን ውስጥ ታካሚው በሕይወት ኖሮ ስንት ቀን ከሆስፒታል ውጭ አደረ? ይኼን። የሮቦቶቹ 82 ቀን፣ የሌሎቹ 80 ቀን። ቁስላቸውም የተሻለ ነበር፣ ደም የረጋባቸውም ጥቂት ናቸው። ግን ልዩነቱ ሁለት ቀን ነው። በፊንጢጣ ካንሰር ላይ ደግሞ 471 ታካሚዎች ተጠንተው ሮቦቱ በትንንሽ ቀዳዳ በሚሠራው በእጅ ኦፕራሲዮን ላይ ግልጽ ብልጫ አላሳየም፤ ወጪው ግን በለጠ።”

እንግዲህ ሮቦት ከንቱ ነው ማለቱ አይደለም፤ እኔም አልልም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሐኪም በሌለበት ዘመን የሚኖሩ ልጆች ይኖሩናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚያ ወሬ የያዝኩት ጥያቄውን ነው፦ ታካሚው ስንት ቀን ቤቱ አደረ? ቢሾፍቱ ላይ በጣቴ ስቆጥር የነበረውም ይህንኑ ነው።

በአፍሪካ ይህ ጥያቄ በትልቁ የተጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ25 አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች፣ ከ11 ሺህ በላይ ታካሚዎች ተቆጠሩ። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ከመቶ ሁለቱ ሞተዋል፤ ከዓለም አማካይ እጥፍ ነው። ከሞቱት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 94ቱ የሞቱት ከኦፕራሲዮኑ ዕለት በኋላ ነው። ይህን ቁጥር ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። ጠረጴዛው ላይ አይደለም የምናጣቸው፤ ዎርድ ውስጥ፣ ሌሊት፣ ትኩሳቱ ሲነሣ የሚያይ ሰው ሲጠፋ ነው።

ቀጥሎ የነገረኝ ነገር አጽናናኝ። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ነርሶች ጋር በአምስት የአገራችን ሆስፒታሎች አንድ ሥራ ሠርቷል። አዲስ ማሽን አልገባም። እጅና ቆዳ በደንብ ይጸዳል፤ ጋውኑና ጨርቁ አለመቀደዱ ይታያል፤ የመሣሪያው ንጽሕና ይረጋገጣል፤ አንቲባዮቲክ የታካሚው ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በሰዓቱ ይሰጣል፤ ጎዝ ገብቶ እንዳይቀር ይቆጠራል፤ ቼክሊስቱ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከሁለት ሺህ በላይ ታካሚዎች ተከታትለው ሲያዩ የቁስል መመረቀዝ በሲሶ ያህል ቀነሰ። በሲሶ! ይህን የሚያህል ውጤት ያመጣ ማሽን ቢኖር ኖሮ ዜናው አገር ባዳረሰ ነበር።

“ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሠላሳ ቀን እንዴት ነው የምትከታተሉት?” አልኩት። “ታካሚው ገጠር ይገባል።”

ከኪሱ ጠርዙ የተበላ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። በሰንጠረዥ የተሰመረ ነው፤ ስሞቹን በእጁ ሸፍኖ ዓምዶቹን ብቻ አሳየኝ። ቀን፣ የኦፕራሲዮኑ ዓይነት፣ ስልክ። ከስልኮቹ ጎን በእስክሪብቶ “የጎረቤት”፣ “የልጅ”፣ “የዕድር ዳኛ” የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል። በሠላሳኛው ቀን ይደውላል። ቁስሉ ደርቋል? ትኩሳት አለ? ሥራ ጀምረዋል? ምርምር የምንለው ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። አንዱ መስመር ላይ “ማሳ ላይ ናቸው” ይላል። ደስ አለኝ።

በቆጂ፣ ማለዳ

ከአዳማ በአዋሽ መልካሳ፣ በዴራና በኢተያ አድርጌ አሰላ አደርኩ። ሽቅብ ነው መንገዱ ሁሉ። በማግስቱ በጨለማ ተነሥቼ በቆጂ ስደርስ እስትንፋሴ እንደ ጭስ ይታየኝ ነበር።

ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፤ ሁሉም ከዚህች ከተማና ከአካባቢዋ ናቸው። ባሕር ዛፉ ሥር ልጆች ተሰልፈው ሲሮጡ የእግራቸው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህ ደስታ ነው። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ያሰብኩት አንዲት ልጅ ነበር።

ዓለም ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ካናዳ ላይ በ1,500 ሜትር የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን ነበረች፤ የቀነኒሳ እጮኛ ነበረች። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. ማለዳ አዲስ አበባ ዳር ከቀነኒሳ ጋር ልምምድ ላይ ሳለች በድንገት ወደቀች። ሆስፒታል ብትወሰድም አልተረፈችም። 18 ዓመቷ ነበር። ቀነኒሳ በዚያው መጋቢት ፈረንሳይ ሄዶ የዓለም አገር አቋራጭ ውድድርን አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። ያን ድል ስናወራ ዓመታት አልፈዋል። ልምምድ የሚደረግበት ጫካ ውስጥ፣ መኪና በማይደርስበት፣ የወደቀችን ልጅ አብሯት የሚሮጠው ጓደኛዋ ምን እንዲያደርግ እንዳስተማርነው ግን ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

በቆጂ ሌላም አደጋ ይጠብቃታል፤ ሙቀት። እዚህ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በብርድ የሠለጠነ ገላ ወደ ቆላ ወርዶ ወይም ባሕር ተሻግሮ ይወዳደራል። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን የተጀመረው ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። ሆኖም ከ68ቱ ሯጮች 28ቱ አቋረጡ። የእኛዎቹ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም አልጨረሱም። ከቀናት በኋላ ሌሊሳ ዴሲሳ በዚያው ከተማ ወርቅ፣ ሞስነት ገረመው ብር ማምጣታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የሴቶቹን ሌሊት ግን ቶሎ ረሳነው።

የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሯጩ መቀባጠር፣ መንገዳገድ ከጀመረ የሚያድነው አንድ ነገር ነው፦ እዚያው፣ ወዲያው፣ እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማስገባት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል መውሰድ። በአሜሪካ፣ ፋልማውዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በየነሐሴው በሚደረግ ውድድር በ18 ዓመት ውስጥ 274 ሯጮች እንዲህ በሙቀት ተመትተው ወድቀዋል። ሁሉም ድነዋል። አንድም አልሞተም። መሣሪያው በረዶ የገባበት የውኃ ገንዳ ነው።

ባቱ፣ እኩለ ቀን

ለመመለሻዬ በኦጎልቾ በኩል ወደ ባቱ ወረድኩ። ከበቆጂ ብርድ በግማሽ ቀን ወደዚህ ሐሩር። ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ ሲያራግፉ ደረስኩ። አንድ ነጋዴ ዓሣውን ሣጥን ውስጥ ደርድሮ በአካፋ በረዶ ያለብሰዋል። ከአጠገቡ አንድ ሰው ያረጀ ሮቶ ለሁለት ቆርጦ በግማሹ ዓሣ ያጥባል። ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ስፋት አለው።

ቆሜ አየሁት። በረዶው አለ። የተቆረጠው ሮቶ አለ። ውኃው አለ። ፋልማውዝ ላይ ያ ሁሉ ሰው የዳነበት ነገር እዚህ ተሟልቶ ተቀምጧል።

ስለዚህ በአዳማም፣ በባቱም፣ በአሰላም፣ በሻሸመኔም የትምህርት ቤት፣ የሰፈር ወይም የበዓል ሩጫ የምታዘጋጁ ሰዎች፦ ማሊያ ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ሮቶ ቆርጣችሁ መጨረሻው መስመር ላይ ውኃ ሙሉበት፤ በረዶ የሚያመጣ ሰው መድቡ። ገንዳ ካጣችሁ በሙቀት የወደቀውን ሯጭ ነጠላ በቀዝቃዛ ውኃ እየነከራችሁ እየቀያየራችሁ አልብሱት። ወጌሻችሁን አንድ ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ላኩት፤ ሁለት ተጫዋቾችም አብረውት ይሂዱ። እናንተም፣ አንድ ሯጭ ወይም ተጫዋች ማንም ሳይነካው ወድቆ ሲጠሩት ካልሰማና እንደ ሌላው ሰው ካልተነፈሰ፣ ምላሱን ተዉት። አንዱ ወደ አምቡላንስ፣ 907፣ ይደውል። ሌላው ይንበርከክና ደረቱን ይጫን፤ እስኪደርሱ ድረስ እየተቀያየራችሁ አታቋርጡ።